«ስቴሪዮ» ማለት «ሁለት» ማለት ነው? የቃሉ ትርጉም፣ አመጣጡና በቀረጻ ላይ የሚያመጣው ልዩነት

#1 ሰዋስው

ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበረሰብ ራዲዮ ሠልጣኞች የሚሆን አጭር የቃላት መፍቻ እየተዘጋጀ ነው። በረቂቁ ላይ ሞኖ «ባለ አንድ ድምፅ»፣ ስቴሪዮ ደግሞ «ባለ ሁለት ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል። አራሚው ሁለተኛውን በቀይ ሰርዞ «ስቴሪዮ ማለት ሁለት ማለት አይደለም» ብሎ ከጎኑ አስፍሯል፤ ታዲያ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጻፈም።

ቃሉ ከየት መጣ? ሁለት ካልሆነ ለምን ሁላችንም ሁለት እንላለን? ሠልጣኙ የሚረዳው አማርኛ ይገኝለታል ወይስ እንዳለ ይቅር? የምታውቁ እርዱኝ።

#2 ግዕዝ_ወዳድ

አራሚው ልክ ነው። ቃሉ ግሪክ ነው፤ ስቴሬዎስ ይባላል። ትርጉሙ ጠጣር፣ ጽኑ፣ ሲነኩት የማይበገር፣ ርዝመትና ወርድ ብቻ ሳይሆን ውፍረትም ያለው ማለት ነው። በጂኦሜትሪ ክብ ወረቀት ላይ ሲሣል ጠፍጣፋ ነው፤ ኳስ ሲሆን ግን ስቴሬዎስ ይሆናል። «ፎኔ» ድምፅ ነው። ስለዚህ ስቴሪዮፎኒክ ቃል በቃል ሲፈታ «ውፍረትና ጥልቀት ያለው ድምፅ» ነው። ቁጥር የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

ስሕተቱ የመጣው ከጎረቤቱ ይመስለኛል። ሞኖ ከሞኖስ ነው፤ እሱ በእርግጥ «አንድ፣ ብቸኛ» ማለት ነው። ሞኖ አንድ ከሆነ ስቴሪዮ ሁለት ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ በተለይ ሁለት ስፒከር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲታይ። ግሪኮች ሁለት ለማለት ቢፈልጉ «ዲዮ» ይሉ ነበር።

ይኸው ሥር በየቤታችን በሌላ ስም አለ። ኮሌስትሮል «ኮሌ» (ሐሞት) እና «ስቴሬዎስ» ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ከሐሞት ጠጠር ስለሆነ «የሐሞት ጠጣር» ተባለ። ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ አለ። የግሪኩ ብሉይ ኪዳን በዘፍጥረት 1፥6 «ስቴሬኦማ» ይላል፤ ተዘርግቶ የጸና ነገር ማለት ነው። የግዕዙ ብሉይ የተተረጎመው ከግሪኩ ነውና አባቶች ያንን ቃል ያገኙት እዚያው ነው፤ «ጠፈር» አሉት። የስቴሪዮ ዘመድ የሆነ ቃል ወደ ግዕዝ ሲመለስ ጠፈር ሆነ ማለት ነው። ይህን ሠልጣኞች ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

#3 ራዲዮ_ጠጋኝ

ግሩም ነው። እኔ ቃሉ ወደ ድምፅ የመጣበትን መንገድ ልጨምር። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ስቴሪዮ» ከድምፅ በፊት የኅትመትና የዓይን ቃል ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ማተሚያ ቤቶች የተለቀመውን ፊደል ገጽ በአንድ ወጥ ሰሌዳ አቅልጠው ሲያወጡት ስቴሪዮታይፕ አሉት፤ አንድ ወጥ፣ ጠጣር የሆነ የፊደል ሰሌዳ። በ1838 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ለየዓይን አንዳንድ ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ አስተዋወቀና ስቴሪዮስኮፕ ብሎ ሰየመው። ሁለቱ ሥዕሎች በትንሹ ይለያያሉ፤ አእምሮ ሲያዋህዳቸው ጥልቀት ይታያል። ልብ በሉ፣ ሥዕሎቹ ሁለት ናቸው፤ ስሙ ግን የተሰጠው ለቁጥራቸው ሳይሆን ከእነሱ ለሚወጣው ጥልቀት ነው። በ1927 አሜሪካ ውስጥ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው የስልክ መሣሪያ ኩባንያ ስቴሪዮፎኒክ የሚለውን ቃል ያወጣው ይህንኑ ስቴሪዮስኮፕ አስመስሎ ነው።

ነገሩ ራሱ ከቃሉ ይቀድማል። በ1881 በፓሪስ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ክሌማን አዴር በኦፔራው መድረክ ግራና ቀኝ የስልክ ማይኮች ደርድሮ በሽቦ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አመጣቸው። አድማጩ በየጆሮው አንዳንድ የስልክ መስሚያ ያደርጋል፤ ዘፋኙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይሰማዋል።

ዛሬ የምንጠቀምበትን ሥርዓት በአንድ ሰነድ ያስቀመጠው የእንግሊዙ የሸክላ ኩባንያ የኢኤምአይ መሐንዲስ አለን ብላምላይን ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ያስገባው ታኅሣሥ 14 ቀን 1931 ነው፤ ቁጥሩ 394,325። የማይክ አቀማመጡ፣ በአንድ የሸክላ ቦይ ሁለት ቻናል (ለየብቻ የሚሄድ የድምፅ መስመር) በ45 ዲግሪ መቅረጹ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሆኖም ብላምላይን «ስቴሪዮ» አላለውም፤ «ባይኖራል» አለው፣ ባለ ሁለት ጆሮ። የአሜሪካው የስልክ ምርምር ተቋም ቤል ላብራቶሪ ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ከፊላዴልፊያ ወደ ዋሽንግተን የኦርኬስትራ ድምፅ በሽቦ ሲያስተላልፍ «የመስማት ርቀት እይታ» የሚል ፍቺ ያለው ስም ነበር የተጠቀመው። ያ ሙከራ በሦስት ቻናል ነበር! ሦስት ማይክ፣ ሦስት መስመር፣ ሦስት ስፒከር። ስቴሪዮ ሁለት ማለት ቢሆን ኖሮ የዘርፉ ትልቁ ማሳያ ከስቴሪዮ ውጭ ይሆን ነበር።

ሁለት ላይ የቆመው በሸክላው ምክንያት ነው። የቦዩ ግድግዳ ሁለት ብቻ ነው፤ ለየግድግዳው አንድ ቻናል። የ45/45 ሸክላ (ሁለቱም ግድግዳዎች በ45 ዲግሪ ያዘነበሉበት) በ1957 መጨረሻ ለገበያ ቀረበ፤ በ1958 መደበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የሚያውቀው ስቴሪዮ ሁሉ ሁለት ቻናል ሆነ።

#4 ሰዋስው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ «ባለ ሁለት» የሚለውን ለባይኖራል ልስጠውና ስቴሪዮን ለብቻው ልፍታው? ወይስ ሁለቱ አንድ ናቸው?

#5 ማይክ_ዘርጊ

አንድ አይደሉም፤ ለይተህ ጻፋቸው። ዛሬ ባይኖራል ሲባል ለጆሮ ማዳመጫ ብቻ የተቀረጸ ነው፦ ሁለት ማይክ በሰው ራስ ቅርጽ ጆሮዎች ላይ፣ ወይም በሕያው ሰው ጆሮ ላይ። ግራው ለግራ ጆሮ፣ ቀኙ ለቀኝ ጆሮ ይደርሳል፤ አይቀላቀሉም። ስቴሪዮ ለስፒከር የታሰበ ነው። ከስፒከር ሲወጣ የግራውን ድምፅ ቀኝ ጆሮም ይሰማዋል፤ አቀራረጹ ይህን አስቦ መሠራት አለበት።

ጆሯችን አቅጣጫ የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የመድረሻ ጊዜ ልዩነት ነው። በጆሮዎቻችን መካከል ያለው ርቀት 17 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል፤ ከጎን የመጣ ድምፅ ራስን ዞሮ ሌላው ጆሮ ለመድረስ የሚዘገየው ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ነው። ሌላው የጉልበት ልዩነት ነው፤ ከ1,500 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ የንዝረት ብዛት) በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ራሳችን ይጋርደዋል። ስቴሪዮ ቀረጻ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱንም ይዞ መመለስ አለበት።

ስለዚህ ሠልጣኙ ከምንም በላይ ይህን ይወቅ፦ ሁለት ቻናል ያለው ፋይል ሁሉ ስቴሪዮ አይደለም። የአንድ ማይክ ድምፅ በግራም በቀኝም ተቀድቶ ከተቀመጠ ፋይሉ «ስቴሪዮ» ይባላል፣ ቦታውም እጥፍ ይሆናል፤ ድምፁ ግን ሞኖ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ትራኩን «ስፕሊት ስቴሪዮ ቱ ሞኖ» ብለህ ለይ፤ አንዱን ብቻ መርጠህ «ኢንቨርት» አድርግ (ሞገዱን ላዩን ታች ይገለብጠዋል)፤ ሁለቱን ቀላቅለህ አጫውት። ጸጥ ካለ ሞኖ ነበር። የሚቀር ድምፅ ካለ፣ እሱ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ጥልቀቱ ያለው እዚያ ነው። ኤምፒ3 ከሆነ ከመጭመቁ የተነሣ ስስ ሹክሹክታ ሊቀር ይችላል፤ ያ አያታልልህ።

#6 ባለ_ካሴት

በትርጉሙ እስማማለሁ፤ ግን መዝገበ ቃላት አጠቃቀምንም መመዝገብ አለበት። በአማርኛ «ስቴሪዮ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዕቃውን ነው፤ «ስቴሪዮውን ክፈተው» ይባላል። ይህ ሁለተኛ ፍቺ ሆኖ ይግባ።

ደግሞ ሞኖና ስቴሪዮን ካነሣን ካሴት መረሳት የለበትም፤ የአማርኛ ሙዚቃና ስብከት ግዙፍ ክፍል ያለው እዚያ ላይ ነው፣ አሁን ደግሞ እየተገለበጠ ነው። በካሴት ላይ የሞኖው መስመር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ስቴሪዮው ያንኑ ቦታ ይካፈላል፦ 0.6 ለግራ፣ 0.3 ክፍተት፣ 0.6 ለቀኝ። በዚህ ምክንያት የሞኖ ቴፕ የስቴሪዮ ካሴት ሲያጫውት ሁለቱንም አንድ ላይ ያነባል፤ የስቴሪዮ ቴፕም የሞኖ ካሴት ሲያጫውት በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል።

ችግሩ ሄዱ (የካሴቱን ክር የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ጠመም ሲል ነው። የሁለቱ መስመሮች መሐል ለመሐል ርቀት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ሄዱ የዲግሪ አንድ ስድስተኛ ብቻ ቢያዘነብል አንዱ ቻናል ከሌላው በ0.0026 ሚሊ ሜትር ይቀድማል። የካሴቱ ክር በሰከንድ 47.6 ሚሊ ሜትር ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ይህች ቅንጣት ከ9,000 ኸርዝ የሞገድ ርዝመት ግማሽ ትሆናለች። ሁለቱን ቻናል ደምረህ ሞኖ ስታደርግ 9,000 ኸርዝ ላይ ያለው እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይጠፋል፤ የጸናጽሉ ሽርክታ፣ የ«ሰ» ፉጨት አብሮ ይሄዳል። ካሴቱ «ደብዝዟል» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ደብዛዛው ግልበጣው ነው።

ሲገለብጡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሄዱንና ላስቲኩን ጎማ አጽዱ፤ ሄዱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ። የሄዱን ማስተካከያ ብሎን የነበረበትን ቦታ በቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉ። ካሴቱን አጫውታችሁ ድምፁን ወደ ሞኖ ቀይሩና ማግኔት የሌለው ቀጭን ካቻቢቴ ይዛችሁ ብሎኑን በጣም በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አዙሩ፤ ቀጭኑ ድምፅ በጣም ጥርት የሚልበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው። ገጽ ሁለትን ስትገለብጡ እንደገና ፈትሹ፤ ልኩ ሊለይ ይችላል። ከዚያ በስቴሪዮ ቅረጹ፣ ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡ። ካሴቱ በሞኖ የተቀረጸ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ደምሩ፤ ያን ጊዜ ድምፁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ሲጨምር የቴፑ ሹሹታ 3 ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ትርፍ ነው። አንዱ መስመር ከተጎዳ ግን አትደምሩ፤ ደኅናውን ብቻ ውሰዱ።

#7 ያሬዳዊ

ይቅርታ፣ ከቃሉ ትንሽ ወጣ ልል ነው። ማኅሌት ለመቅረጽ ምክር እፈልጋለሁ። ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታ የቀኙን፣ ግራ ጌታ የግራውን ይመራል፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ከበሮው መሐል ነው። በእጅ መቅጃ ሲቀረጽ ሁሉም መሐል ላይ ተከማችቶ ይሰማል፤ ማን እንዳነሣና ማን እንደተቀበለ አይለይም። ጋሼ ማይክ_ዘርጊ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

#8 ማይክ_ዘርጊ

ወንድሜ፣ ከቃሉ አልወጣህም፤ ስቴሪዮ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ግራና ቀኝ የዜማው አካል በሆነበት ቦታ ሞኖ ቀረጻ ግማሹን ሥርዓት ያጠፋል።

መቅጃው ላይ ያሉት ሁለት ማይኮች አብዛኛውን ጊዜ ኤክስ-ዋይ ናቸው፦ አፍና አፋቸው ተጋጥሞ በ90 ዲግሪ ተከፍተው። ሁለቱ አንድ ቦታ ስለሆኑ የጊዜ ልዩነት የለም፣ የጉልበት ልዩነት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጥንድ አንድን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ስፒከር የሚወስደው ከፊት ለፊቱ ወደ ጎን 90 ዲግሪ ገደማ ሲወጣ ነው። አንተ ራቅ ብለህ ስትቀርጽ ሁለቱ ወገኖች ከመሐል 20 ወይም 30 ዲግሪ ቢርቁ ነው፤ ስለዚህ መሐል ይከማቻሉ። መቅጃው አልተበላሸም።

ሁለት መንገድ አለህ። መቅጃው ብቻ ካለህ ጠጋ በል፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል፣ ከጫፍ ገባ ብለህ፣ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ለየብቻ የሚቆሙ ሁለት አንድ ዓይነት ካርዲዮይድ (ከፊት የሚመጣውን አጥብቀው የሚይዙ) ማይኮች ካሉህ ኦአርቲኤፍ የሚባለውን አቀማመጥ ተጠቀም፤ የፈረንሳይ ራዲዮ ነው ያወጣው። የማይኮቹ አፍ በ17 ሴንቲ ሜትር ይራራቅ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን 110 ዲግሪ ይሁን። 17 ሴንቲ ሜትር ያልኩት የጆሮ ርቀት ነው። ይህ ጥንድ ጊዜንም ጉልበትንም ይይዛል።

አሁን ከየት ይቁም? ለኦአርቲኤፍ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ስፒከሩ ላይ የሚደርሰው ከመሐል 48 ዲግሪ ላይ ነው። ሁለቱ ወገኖች በ4 ሜትር ቢራራቁ እያንዳንዱ ከመሐል መስመር 2 ሜትር ነው። የቅርቡ ሊቅ በ48 ዲግሪ እንዲወድቅ ማይኩ ከሰልፉ ጫፍ 1.8 ሜትር ወደ ኋላ መሆን አለበት። ከዚያ ከቀረብህ የጫፎቹ ሰዎች ሁሉ አንድ ስፒከር ላይ ይደራረባሉ፣ መሐሉም ባዶ ይመስላል። 2 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከፍታው 2.5 እስከ 3 ሜትር ይሁን፤ ዝቅ ካለ የፊቱ ሰው የኋላውን ይጋርዳል። ስታንዱ የሥርዓቱን መንገድ እንዳይዘጋ አስቀድመህ አስፈቅድ፤ ከበሮ የሚመቱት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳሉ።

የሁለቱን ማይክ መጠን እኩል ማድረግ አትርሳ። ማይኮቹን ጎን ለጎን አገናኝተህ ከ1 ሜትር አንድ ሰው እንዲናገር አድርግና ሁለቱም ቆጣሪ አንድ ቁጥር እስኪያሳይ አስተካክል። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ብቻ ሥዕሉን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። መቅጃው መጠኑን በራሱ የሚያስተካክልበትን አጥፋው፤ ከበሮ በተመታ ቁጥር ዜማው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ለየቻናሉ ለብቻው ከሠራ ደግሞ ሊቃውንቱ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዋዥቁ ይመስላሉ። በ24 ቢት ቅረጽ። ወረቡ ሲሞቅ የሚመታውን ከበሮ አስበህ ከፍተኛው በቆጣሪው ላይ ከ−12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርግ፤ በመጀመሪያው ዝግታ አትለካ፣ መጨረሻው ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የማይኩ ቀኝና የቀኝ ጌታ ወገን ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ማይኩ ወደየት እንደዞረ ይወስነዋል። ቀረጻው ሲጀመር «ይህ የቀኝ ወገን ነው» ብለህ በዚያ በኩል ተናገርና ከፋይሉ ጋር ይቆይ። ከዓመታት በኋላ የሚሰማው ሰው መገመት የለበትም።

ሁለት ማይክ በሜትሮች አራርቀህ በየወገኑ ፊት ብታቆም ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ከበሮው ወደ አንዱ በ34 ሴንቲ ሜትር ቢቀርብ 1 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል፣ ሲደመር 500 ኸርዝ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። የከበሮው ድምፅ ቆርቆሮ ይመስላል።

#9 ራዲዮ_ጠጋኝ

የመጨረሻዋ ነጥብ ለራዲዮ ሰው ወሳኝ ናት። ኤፍኤም ስቴሪዮ (አሜሪካ በ1961 ያጸደቀችው) ግራንና ቀኝን ለየብቻ አይልክም። መጀመሪያ ድምራቸውን ይልካል፤ ሞኖ ራዲዮ ያለው የሚሰማው እሱን ነው። ልዩነታቸው በ38 ኪሎ ኸርዝ ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ 19 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለች ቀጭን ጠቋሚ ድምፅ ደግሞ ለተቀባዩ «ስቴሪዮ አለ» ትላለች። በቴፑ ላይ የምትበራው ቀይ የስቴሪዮ መብራት የምታየው እሷን ብቻ ነው። ጣቢያው አንድ ሰው በአንድ ማይክ ሲያወራ እያስተላለፈ መብራቷ ልትበራ ትችላለች። ጣቢያው ሩቅ ከሆነና ሹሹ ካለ ወደ ሞኖ ቀይሩት፤ አብዛኛው ሹሹታ ከልዩነቱ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ የሚመጣው ትልቁ አደጋ የገመድ ነው። ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ያለው ማይክ (እግር 2 ቀጥተኛውን፣ እግር 3 ተገላቢጦሹን ይይዛል) በተሳሳተ ገመድ ወደ ስቴሪዮ ጃክ ሲገባ ግራው ቀጥተኛውን፣ ቀኙ ተገላቢጦሹን ይቀበላል። በጆሮ ማዳመጫ ሰፊና ቦታ የለሽ ሆኖ ይሰማል፣ እንዲያውም ጥሩ ይመስላል። ሞኖ ራዲዮ ላይ ግን ድምሩ ዜሮ ነው፤ ጋዜጠኛው ይጠፋል፣ የሚቀረው ትንሽ ቅሪት ነው። ለዳይናሚክ ማይክ (ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ዓይነት) ትክክለኛው ገመድ እግር 2ን ከጃኩ ጫፍና ከመሐሉ ቀለበት ጋር አንድ ላይ፣ እግር 1ንና 3ን ከግንዱ ጋር ያገናኛል። የተቀረጸ ካለ አትጨነቁ፤ አንዱን ቻናል ሰርዛችሁ ሌላውን በቦታው ቅዱት፣ ይድናል። ከመላክ በፊት ሁሉንም ቀረጻ አንድ ጊዜ በሞኖ ስሙት።

#10 ሰዋስው

ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ አርሙኝ።

«ስቴሪዮ፦ (ከግሪክ፤ ጠጣር) 1. የድምፅን ቦታና ጥልቀት ጠብቆ የመቅረጽና የማሰማት ዘዴ፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቻናል። 2. በዚህ ዘዴ የሚያሰማ መሣሪያ። ሞኖ፦ ሁሉም ድምፅ በአንድ ቻናል የሚሄድበት ዘዴ።»

አማርኛ አቻ አልሰጠሁትም። «ጠጣር ድምፅ» ብል ሻካራ ድምፅ ይመስላል።

#11 ግዕዝ_ወዳድ

ደግ አድርገሃል፤ እንዳለ ይቅር። ግን «ጠጣር» የሚለውን ብቻ ከተውከው አንባቢው ከድምፅ ጋር አያገናኘውም። «ጠጣር፣ ውፍረት ያለው» በለው።

#12 ማይክ_ዘርጊ

እኔም አንዲት ቃል አለችኝ። «ብዙውን ጊዜ በሁለት ቻናል» የሚለውን «ቢያንስ በሁለት ቻናል» አድርገው። የ1933ቱ ሦስት ነበር።

#13 ሰዋስው

ሁለቱም ገብተዋል። ረቂቁ ነገ ወደ አራሚው ይመለሳል፤ የኢንቨርቱን መመርመሪያና የማይኩን ገመድ ደግሞ በተግባር መልመጃው ክፍል አስገብቻቸዋለሁ።